የሰው ወርቅ ወይስ የሰማይ ላም?

በዚህ ቡለቲን ላይ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እስካሁን በወጡት እትሞች ስለ ቁጠባ ባህል፣ ስለ ሥራ ፈጠራ፣ ስለ ኦዲት ነፃነት ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ከእነዚህ ሁሉ ወጣ ያለ ይመስላል እንጂ እሱም የሒሳብ ጥያቄ ነው። አንድ አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ በሚያቀርብለት መኪና ይጠቀም ወይስ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች በፈቀደው ከቀረጥ ነፃ መብት የራሱን ያስገባ? ባለፈው ሴሚስተር የታክስ ኮርስ ስንማር መምህራችን የዓይነት ጥቅም ግብር ሲያሠሩን ይህንኑ ጠይቄ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሰዓቱ አልቆ ተቋረጠ እንጂ ክርክሩ አላለቀም። እኔም በቃል ያልጨረስኩትን በጽሑፍ ልጨርሰው ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

«ኧረ ተይ! ገና ሳትመረቂ ስለ መኪና ታወሪያለሽ?» የምትሉኝ አትጠፉም። በእርግጥ እኛ አገር መኪና የምቾትና የክብር ዕቃ ተደርጎ ነው የሚታየው። እኔን የምታውቁኝ ግን ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ሰው ሠራሽ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በልጅነቴ ከበቅሎ ወድቄ ተሰበርኩ፤ ስብራቱ ሲታሰር ጠበቀ፤ ደም አልዞር አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሐኪም ቤት ጨረሰው። ይህን የማወራው እንድታዝኑልኝ አይደለም። የደባርቅን ዳገትና ኮብልስቶን በሁለት እግሩ የሚወጣ ሰው ነገሩን ከእኔ ቦታ ሆኖ እንዲያየው ብዬ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ወርዶ ድንጋዩ ሲረጥብ ክራንች ይንሸራተታል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ያለች ከተማ ነች። ብርዱ ሲጠና የእግሬ ጫፍ ያብጥና ሰው ሠራሹ እግር አልገባ ይላል። እንዲህ ባለ ቀን ከቤት ወደ ሥራ የሚያደርስ ጎማ ያለው ነገር ካለ ሥራ አለኝ፣ ከሌለ ሥራ የለኝም።

ደግሞ የእኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ድረስ መጥቶ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ ወዲህ በዚህ አካባቢ በክራንች የሚሄድ ወጣት ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ከእነሱም ውስጥ የተማሩ፣ እየተማሩ ያሉ፣ ነገ ሥራ የሚፈልጉ አሉ።

አሁን ወደ ስሌቱ ልግባ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 ለግል ጥቅምም ጭምር የተሰጠ የመሥሪያ ቤት መኪና የወር ዋጋን ያሰላው መኪናው የተገዛበትን ዋጋ በ5 በመቶ አባዝቶ ለ12 በማካፈል ነው። መኪናው 1,600,000 ብር ተገዛ እንበል። በዓመት 80,000፣ በወር 6,667 ብር ግድም ይመጣል። ይህ በደመወዝ ላይ ተደምሮ ግብር ይታሰብበታል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከተደረገው ጭማሪ በኋላ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ገደማ ነው ካልን፣ በመኪናው ምክንያት የሚመጣው ተጨማሪ ግብር ከ2,000 ብር በላይ ይሆን ነበር። ደንቡ ግን የዓይነት ጥቅም ግብር ከደመወዙ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጅቷል። ስለዚህ የምከፍለው ቢበዛ 1,150 ብር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በየቀኑ ባጃጅ በኮንትራት ይዤ ብመላለስና ለደርሶ መልስ 150 ብር ብከፍል፣ በ22 የሥራ ቀን 3,300 ብር ይሆናል። 1,150 ከ3,300 ይሻላል። አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ የመሥሪያ ቤቱን መኪና የመረጡት በዚህ ነው፤ በወረቀት ላይ ትክክል ናቸው።

በመሬት ላይ ያለውን ደግሞ ባለፈው ክረምት አይቼዋለሁ። ለተግባር ልምምድ የተመደብኩበት አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየኝ) ሰዎቹ በጣም ጥሩዎች ነበሩ። ገና በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው «አንቺ በእግርሽ አትመጪም፣ ፒካፗ ከቤትሽ ታመጣሻለች» አሉኝ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ለሁለት ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት ጥሩምባ ይነፋልኛል፣ እናቴ መጋረጃ ገልጣ ታያለች፣ የሰፈር ልጆች ያጅቡኛል። ንግሥት ሆንኩ ማለት ነው! በሦስተኛው ሳምንት ፒካፗ ለመስክ ሥራ ወደ ጃናሞራ ወጣች። የጃናሞራን መንገድ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር አድርጎ፣ ፓርኩን አቋርጦ፣ ጨነቅ ላይ 3,600 ሜትር ገደማ ይደርስና ከዚያም በላይ ወደ ቧሒት የሚወጣ ነው። አንዴ የሄደ መኪና ዛሬ ደርሶ ዛሬ አይመለስም። ፒካፗ ለሃያ ቀን ያህል ቀረች። እኔ ወደ ባጃጄ ተመለስኩ። ማንም አልበደለኝም። መኪናዋ የተገዛችው ለመስክ ሥራ ነው፤ እኔን ማመላለስ የትርፍ ሰዓት ሥራዋ ነበር።

ከተመለሰች በኋላ ደግሞ ሌላ መጣ። ነዳጅ ጠፋ፤ ሹፌሩ ሰልፍ ላይ ያድራል። ነዳጅ ሲገኝም ከቤት ወጥተው አስፋልት ዳር የሚጠብቁ ሁለት ሠራተኞች «እኛስ ሰው አይደለንም?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ቅዳሜና እሑድ መኪና የለም። ስለዚህ ገበያ ልሂድ፣ ቤተ ክርስቲያን ልሳም፣ ጎንደር ሄጄ የእግሬን ማሰሪያ ላሠራ ብል የመሥሪያ ቤቱ ደግነት ዓርብ ማታ ያበቃል። አካል ጉዳተኝነቴ ግን ቅዳሜም አለ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? ይህን ተረት ወላጆቻችን ለሠርግ ልብስና ጌጥ ይሉታል፤ እኔ ለፒካፕ ብዬዋለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ደርሼ ለግልም የምጠቀምባት መኪና ቢሰጡኝ እንኳ፣ ሥራ የለቀቅኩ ቀን ቁልፉን አስረክባለሁ። አለቃዬ ቢያስቸግረኝ፣ ደመወዝ ቢዘገይ፣ የተሻለ ሥራ ዳባት ቢገኝ፣ ሌላው ሰው የመልቀቂያ ደብዳቤውን ጽፎ ይሄዳል። እኔ ከመጻፌ በፊት «እግሬንስ?» ብዬ ማሰብ አለብኝ። ቀጣሪዬ ደመወዜን ብቻ ሳይሆን መራመዴንም በእጁ ይዟል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ይናገራል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ በበኩሌ አላምንም።

ሕጉስ ምን ይላል? የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ጥሩ አዋጅ ነው፤ አድልዎ ተፈጸመብኝ የሚል ሠራተኛ ሲከስ የማስረዳቱን ሸክም ወደ ተከሳሹ ማዞሩ ብቻ እንኳ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ማመቻቸት ሲል የሚዘረዝረው ስለ ሥራ መሣሪያ፣ ስለ ሥራው ጠባይ፣ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ሥራ አካባቢ ነው። እኔ እንዳነበብኩት ግዴታው የሚጀምረው ከመሥሪያ ቤቱ በር ነው። ከቤቴ እስከዚያ በር ያለው ዳገት ባለቤት የለውም። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን በአንቀጽ 20 ላይ ሰው በፈለገው መንገድ፣ በፈለገው ጊዜ፣ አቅሙ በሚፈቅደው ዋጋ መንቀሳቀስ እንዲችል መንግሥታት እርምጃ ይውሰዱ ይላል። «በፈለገው ጊዜ» የሚለውን አስምሩበት። የፒካፗ ጥሩምባ በእኔ ሰዓት አይነፋም።

እንግዲህ ሁለተኛው አማራጭ መጣ። አካል ጉዳተኛ ለግል መጠቀሚያው መኪና ከቀረጥ ነፃ እንዲያስገባ የሚፈቅድ አሠራር እንዳለ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። መመሪያው በየጊዜው ቢለዋወጥም መሠረቱ ይኸው ነው። የሕክምና ማስረጃ ታቀርባለህ፣ ይፈቀድልሃል፣ መኪናው በስምህ ይገባል፤ ቀረጥ ሳይከፈልበትም መብቱ ለሌለው ሰው ማስተላለፍ አይቻልም። መኪናው ያንተ ነው። ሥራ ብትለቅ አብሮህ ይለቃል፤ እሑድም ይነሣል። በዚህ በኩል ከመሥሪያ ቤቱ መኪና ጋር የሚወዳደር አይደለም። እዚህ ላይ ክርክሩን ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ግን አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር «ቀረጡስ ይቅር፤ ዋጋውስ?» አለኝ። ዝም አሰኘኝ። እስኪ አስሉት። ያንኑ 1,600,000 ብር መኪና ሙሉ ደመወዜን አንድ ብር ሳልበላ ባስቀምጥ 139 ወር፣ ማለትም አሥራ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ከቀረጥ ነፃ መብቱ ቀረጡን ያነሣል እንጂ ዶላሩን አያወርድም።

ሌላም ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ድረስ የሚደርስ ታክስ ሲጥል ከታክስ ነፃ የሆነ ሰው በእርግጥ ትልቅ ነገር አገኘ ማለት ይቻል ነበር። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይዝ ነፃ አደረገ፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ የቀረው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ልብ በሉ፤ ማንም ባለ ገንዘብ የሚያስገባው መኪና ኤሌክትሪክ ከሆነና ኤሌክትሪኩ ደግሞ ለሁሉም ከአብዛኛው ታክስ ነፃ ከተደረገ፣ ለአካል ጉዳተኛው የቀረለት ልዩነት ያቺው 15 በመቶ ነች። ከ1,600,000 ላይ 240,000 ብር። መብቱ በስም አልተነካም፤ ግን ከሥሩ ውኃው ተንጠፈጠፈ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

(ሳልናገር እንዳላልፍ፣ የኤሌክትሪኩ ነገር ለእኔ ዓይነቱ ሰው አንድ በጎ ጎን አለው። ግራ እግር የሌለው ሰው ፍሪሲዮን መርገጥ አይችልም። ኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፤ በቀኝ እግር ብቻ ይነዳል። ምንም ለውጥ ሳይደረግበት እነዳዋለሁ ማለት ነው። ጎንደር ሄጄ ያየኋቸው ሁለት የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛዎች ግን የሚያስተምሩት በማርሽ መኪና ብቻ ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። መብቱ ያለን እኛ ገንዘብ የለንም፤ ገንዘብ ያላቸው ደግሞ መብቱ የላቸውም። እንዲህ ሲሆን በመካከል ማን ይገባል? ነጋዴ ይገባል። ባለፈው ዓመት አንድ የሩቅ ዘመድ ቤታችን መጣና ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ «ስምሽን አውሺኝ» አለኝ። በእኔ ስም መኪና ሊያስገባ፣ መኪናው እሱ ዘንድ ሊሆን፣ ለእኔ 80,000 ብር ሊሰጠኝ። በልቤ አሰላሁት፤ 240,000 ብር ቀረጥ ሲቀርለት 160,000 ለእሱ፣ 80,000 ለእኔ እግር። ሰውየውን ሌባ ነው ብዬ ብጨርሰው ጽሑፌ ቀላል ይሆን ነበር። ነገር ግን የቤታችን ጣሪያ ያፈሳል፣ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። እናቴ ከሄደ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ልጄ፣ እግርሽ ይህን ያህል አስቸግሮሽ ምናለ አንድ ነገር እንኳ ቢያመጣልን?» አለች። መልስ አልነበረኝም። እስካሁን እሺ አላልኩም። ሕገ ወጥ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያ ስም አንዴ ከተሸጠ ነገ በእውነት መኪና በሚያስፈልገኝ ቀን መዝገቡ «ወስዳለች» ይለኛል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የተከራየ ስም ጉምሩክ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ጥርጣሬ ይወልዳል፤ ቀጥሎ የሚመጣው እውነተኛ አመልካች በዚያ ጥርጣሬ ይመረመራል።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው? የአክስቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ነው የምትኖረው፤ ከዓመታት በፊት በደረሰባት አደጋ መራመድ ይቸግራታል። እሷ ይህንን የእኛን የክፍል ክርክር በእውነት ኖራዋለች። መሥሪያ ቤቷ መኪና ልስጥሽ አላት፤ በሌላ በኩል ሞታቢሊቲ የሚባለው የአካል ጉዳተኞች የመኪና ዘዴ ነበረላት። ሞታቢሊቲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። መንግሥት ለመንቀሳቀሻ ብሎ በየጊዜው የሚከፍላትን ድጎማ ለዘዴው ታስተላልፋለች፤ በምትኩ አዲስ መኪና ብዙውን ጊዜ ለሦስት ዓመት በኪራይ ይሰጣታል፤ ኢንሹራንሱ፣ ሰርቪሱ፣ ጎማው ሁሉ በዚያው ውስጥ ነው። የመሥሪያ ቤቷ መኪና በበኩሉ እንደ ዋጋውና እንደ ጭሱ መጠን ግብር ይታሰብበታል። ለአካል ጉዳተኛ የተመቻቸ ሆኖ ከቤት ወደ ሥራ ለመመላለስና ለሥራ ሥልጠና ብቻ ከዋለ ግን እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የገቢ ግብር ሕጋቸው ነፃ ያደርገዋል። እሷ የመረጠችው ሞታቢሊቲን ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ኮንትራቴ የአንድ ዓመት ነበር፤ እግሬ ግን የዕድሜ ልክ ነው» አለችኝ። ኮንትራቱም አልታደሰም፤ መኪናዋ ግን ደጃፏ ቆማ ነበር። በዚህች መኪና ሌላ ሥራ ፈልጋ አገኘች።

እንግሊዝን ገነት አድርጌ አላቀርብም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ድጎማው በአዲስ መመዘኛ ሲተካ እንደገና ተመርምረው ብቁ አይደላችሁም የተባሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መኪናቸውን መልሰዋል። እዚያም ቢሆን የሰው ወርቅ ነው፤ ልዩነቱ ባለቤቱ አለቃህ ሳይሆን ሕግ መሆኑ ነው። ከሞታቢሊቲ በፊት ደግሞ መንግሥታቸው ለአካል ጉዳተኞች ያድል የነበረው ኢንቫካር የምትባል ባለሦስት እግር ሰማያዊ መኪና ነበር። አንድ ሰው ብቻ ነው የምትጭነው። ባል ሚስቱን፣ እናት ልጇን አሳፍራ መሄድ አትችልም! እ.ኤ.አ. በ2003 ጨርሶ ከመንገድ ተከለከለች። ከእነሱ የምንማረው ቀረጥ መቀነስ ብቻውን ሰው እንደማያንቀሳቅስ ነው። እነሱ ገንዘብ ላጣ ሰው ቅናሽ አላደረጉለትም፤ በየወሩ በሚያገኘው ትንሽ ነገር መኪና እንዲይዝ አመቻቹለት።

ታዲያ እኛ ድሆች ነን፤ ሞታቢሊቲን ከየት እናመጣለን? ልክ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች የሚያደርገውን ድጋፍ «አቅም በፈቀደ» ከሚል ሐሳብ ጋር ነው ያሰረው። እኔም የምጠይቀው አቅም የሚፈቅደውን ነው። መኪናውን እንተወውና ስለ ባጃጅ እናውራ። ባጃጅ ፍሬኑ በቀኝ እግር ነው፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ በግራ እጅ፣ ነዳጁ በቀኝ እጅ። ግራ እግር ምንም ሥራ የለውም! አሁን ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለሦስት እግር መጥቷል። የደባርቅን ዳገትና ብርድ ባትሪው ይችለዋል ወይ የሚለው ተሞክሮ የሚታይ ነው። ቻለው እንበል፤ ዋጋውም 400,000 ብር ነው እንበል። በስምንት ዓመት ቢከፈል ወለድ ሳይጨመር በወር 4,167 ብር ይሆናል። እኔ ለባጃጅ ኮንትራት 3,300 ብር የማወጣ ሰው ነኝ። የሚጎድለኝ 867 ብር ነው። ለዚያውም እንደ ኢንቫካር ብቻዬን አያስኬደኝም፤ እናቴንም፣ አስፋልት ዳር የምትጠብቀውን ነፍሰ ጡር ባልደረባዬንም አሳፍራለሁ።

የሚያስቸግረው ባንኩ ነው። ለአዲስ ተመራቂ ያለ መያዣ ማን ያበድራል? እዚህ ላይ ነው መሥሪያ ቤት የሚያስፈልገው። ፒካፕ አይላክልኝ። ፒካፗ ጠዋትና ማታ ለእኔ የምታቃጥለው ነዳጅ፣ የሹፌሩ ሰዓት፣ የጎማው መበላት ወጪ አይደለም እንዴ? በኮስት አካውንቲንግ የተማርነው ምኑን ነበር! ያንን ወጪ ያስላውና ለብድሩ ዋስ ይሁንልኝ፣ ወለዱን ይሸፍንልኝ። መንግሥት በበኩሉ ከቀረጥ ነፃ መብቱ እንዲህ ላለው ተሽከርካሪም እንዲሠራ ያድርግ። ሥራ ብለቅ ዕዳውን ይዤ እለቃለሁ፤ ተሽከርካሪውንም ይዤ እለቃለሁ። ያን ጊዜ የክፍላችን ጥያቄ ራሱ ይቀራል። የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብና የሕጉ መብት አንድ ላይ ይመጣሉ፤ እስካሁን ተለያይተው ስለቆሙ ነው በመካከላቸው ነጋዴ የገባው።

«ለአንዷ ከተደረገ ሁሉም ይጠይቃል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከአንድ የሰው ኃይል ባለሙያም ሰምቼዋለሁ። ሁሉም ግን በወር 3,300 ብር ለመራመድ አይከፍልም። ሁለተኛው ሥጋት የበለጠ ክብደት አለው፤ ሠራተኛው በሁለተኛው ዓመት ለቆ ቢሄድና ብድሩን ባይከፍል ዋሱ መሥሪያ ቤት ይያዛል። ለዚህ ተሽከርካሪው ራሱ ለባንኩ መያዣ መሆን አለበት፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ ንብረት ለሌላ መብት ለሌለው ሰው ስለማይተላለፍ ግን ባንኩ ሊሸጠው ሲል ቀረጡ ይመጣበታል። ይህቺን ቋጠሮ እኔ አልፈታኋትም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣችሁ ካላችሁ እነሆ ተቀበሉ።

እኔ ግን እስከዚያ አልጠበቅኩም። ተመርቀሽ ነይ ላሉኝ የተግባር ልምምድ መሥሪያ ቤት ከላይ ያለውን ስሌት በአንድ ገጽ ጽፌ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አንብባው ሳቀችና «ፒካፗ አልበቃሽ አለች?» አለችኝ፤ ቢሆንም ቁጥር ሰጥታ ወደ ኃላፊው መርታዋለች። ያ ዘመዳችንም ለፋሲካ ይመጣል፤ እናቴ ገና አልቆረጠችም። የባንክ ብድር አሠራር የምታውቁ መምህራን ካላችሁ ከዚያ በፊት ብታገኙኝ ደስ ይለኛል። ሁለተኛ ፎቅ ስለማልወጣ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ነኝ።